ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

እኛ ሰዎች የወደድነውን ዕቃ ካላለበስነው አይሆንልንም። እናንተም ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ ምናልባት የፍሪጁ ራስና የሶፋው ትከሻም ጭምር። ካርቱም ስንገባ ብዙ ነገር ትተን ብንመጣም ኪሮሹን ግን አልተውነውም። በከተማው ሙቀት እንኳን ዕቃ ሰውም ልብሱን አውልቆ መጣል የሚያምረው ቢሆንም።

እማዬ ጀብራ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በኖረችባቸው ዓመታት ያላለበሰችው ዕቃ ቢኖር ሙከይፉ ብቻ ነው፤ መስኮት ላይ ተቀምጦ በራሰ ሳር ውስጥ አየር እየሳበ ቤቱን የሚያቀዘቅዝልን ባለውለታችን። ስለዚህ ከሱቅ አንድ አንድ ዕቃ እየለቀምኩ፣ ወለል ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተር በገዛ እጄ ስገጣጥም ዕጣ ፈንታው የታወቀ ነበር። ገና ብሎኑን ሳላጠብቅ እማዬ የኮምፒውተሩን ሳጥን በስንዝር ለክታ ሄደች። በሳምንቱ ጠርዙ ላይ ጽጌረዳ ያለው ነጭ ዳንቴል ወረደለት።

«ከአቧራ ይጠብቀዋል» አለች።

«ያምራል» አልኩ። እውነትም ያምራል። ችግሩ ማፈኑ ነው።

ይህን ልነግራት ይገባ ነበር። እኔን ግን አታውቁኝም። የተሳፈርኩበት ሃፍላ፣ አውቶቡሱ፣ ሰፈሬን አልፎኝ ሲሄድ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ከቀጣዩ ፌርማታ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ድምፅ የሌለው መፍትሔ አገኘሁ። ሥራ ስጀምር ዳንቴሉን ትራሴ ስር እከታለሁ፤ ስጨርስ እማዬ ሳትገባ መልሼ አለብሰዋለሁ።

በዚህ ሁኔታ ስንኖር ፈተናው መጣ። አንድ የትርጉም ቢሮ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ፈልጎ፣ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ሆኜ እንድፈተን ጻፈልኝ። የሚፈጀው አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ሁለተኛ ዕድል የለም። እያነበቡ፣ ማንንም ሳያናግሩ እንጀራ የሚበሉበት ሥራ! ለእኔ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? ኮምፒውተሬ ግን በቀትር ሙቀት ዳንቴሉ ቢወልቅለትም ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። ይግልና ድርግም።

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ኮምፒውተር ማቀዝቀዝ አነበብኩ። ቀዝቃዛው አየር በፊት ይግባ፣ ትኩሱ በኋላ ይውጣ ይላል ያነበብኩት ሁሉ። ሁለት ማራገቢያ ገዝቼ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ገጠምኩ። ረቡዕ ቀትር ላይ ሞከርኩት። በአሥራ አምስት ደቂቃ ጠፋ።

ከበፊቱ ባሰ!

እማዬ ኪሮሿን እንደያዘች ስትገባ ፊቴ ያስታውቅ ነበር መሰለኝ።

«ምን ሆንሽ ልጄ፣ ያ ቢቲ?»

«ሁለት ማራገቢያ ገጥሜለትም ይግላል። ነገ ደግሞ ፈተናዬ ነው።»

«አብሪው እስቲ።»

ተንበረከከችና የክሯን ጫፍ ከፊተኛው ማራገቢያ ጠጋ አደረገችው። ክሩ ወደ ውስጥ ተሳበ። ዞራ ከኋላ ጠጋ አደረገችው። እዚያም ወደ ውስጥ ተሳበ።

«ይሄም ያስገባል፣ ያም ያስገባል። በየት በኩል ይተንፍስ? ሙከይፉን ባበራሁ ቁጥር ‹ማዶ ያለውን መስኮት ክፈቺ› እያልኩ ስጮህብሽ አይደል እንዴ ያደግሽው?»

ለካ የኋላውን ገልብጬ ነው የገጠምኩት። የሦስት ቀን ንባቤ በአንድ ስንዝር ክር ተረታ። አራት ብሎን ፈትቼ አዞርኩት።

«ደግሞ» አለች ክሯን እየጠቀለለች፣ «ትራስሽ ስር የምትወሽቂውን ዳንቴል አውጪልኝ። ሁልጊዜ ተጨማዶ ሳየው ያናድደኛል። ‹ያፍነዋል› ብትይኝ ልበላሽ ነበር?»

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ተኩሉን ሳያቃስት ጨረሰ። እማዬም በሳምንቱ ሌላ ዳንቴል ሠራችለት። በሻይ ሳህን ተለክተው ከፊትና ከኋላ የተተዉ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጽጌረዳዎቹ ዙሪያውን ከበዋቸዋል።

ፈተናውንም አለፍኩ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ የሚቀረው በኮምፒውተር የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ነው፤ ሦስት ሰዎች ይጠይቁኛል።

ቀኑ ደርሶ ከፊቱ ስቀመጥ ኮምፒውተሬ በሁለቱ ቀዳዳዎቹ ዝግ ብሎ ይተነፍሳል። የጋልኩት እኔ ነኝ። እማዬ አየችኝ። ተነስታ ማዶ ያለውን መስኮት ከፈተችልኝ።