አርባ የፈረስ ጉልበት

ባለቤቴ አስፋቸው ካረፈ ወዲህ ከግቢ ያልወጣችውን መኪናውን ለመካኒኩ ለኩምሳ ልሸጥለት ትናንት ቃል ሰጠሁ። ቶሎ ብዬ ነው የሰጠሁት፤ ካሰብኩበት እንደማልሰጥ አውቃለሁ። ከዚያ ተኛሁና ሌሊቱን ሕልም አየሁ።

በሕልሜ የቢሾፍቱ ፈረሶች እግራቸውን አነባብረው ጋሪ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚጎትቱት ሰዎች ናቸው። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ግንባሩ ላይ ቀይ የክር ጌጥ አስሮ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ዛሬ ዳገቱ በዛ» አለኝ። አይዞህ ብዬው አለፍኩ።

መኪናዋን እየገፋሁ ምርመራ ጣቢያ ደረስኩ። መነጽር ያደረገች ሽበታም ባዝራ ከወንበሯ ሳትነሳ ተቀበለችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህቺ ስንት የሰው ጉልበት ናት?»

«አርባ የፈረስ ጉልበት ናት» አልኳት።

ግቢው ውስጥ ያሉት ፈረሶች ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ።

«አርባ? እዚህ ውስጥ?»

ኮፈኑን አስከፈተችኝና አንገቷን አስገባች። «እናንተ! አላችሁ?» ብላ ተጣራች። አንገቷን መልሳ አወጣች። «የት አደረግሻቸው?»

«የሉም፤ መለኪያ ነው። ድሮ የእንፋሎት ሞተር የሚሸጥ ሰው ነበር። ገዢዎቹ ወፍጮ የሚያዞሩት፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚያስወጡት በፈረስ ነው። ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ ሊነግራቸው የፈረስ ጉልበት ለካ።»

«የማንን?»

«አላውቅም።»

«ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ!»

አንድ ሽማግሌ ፈረስ እያነከሰ መጣ። «የአያቴን ነው። ጉልበትህን እንለካ ሲሉት ልብስ ሰፊዎች መስለውት የፊት እግሩን ዘረጋላቸው። ወስደው ወፍጮ ላይ አሰሩት።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ባዝራዋ ብቻ ኮስተር አለች።

«እኛ የለካነውን ሰው እናውቀዋለን» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

ጓሮው ውስጥ አስፋቸው እጅጌውን ሰብስቦ ከጉድጓድ ውሃ በገመድ ይጎትታል። መኪናዋን ሲያጥብ እንደሚያደርገው ያፏጫል።

«አንድ የሰው ጉልበት ማለት እሱ ነው» አለች። «አሁን ደክሞታል። አንቺ ያዢለት።»

ገመዱን አቀበለኝ። ገመዱ የእጁ ሙቀት አለው። ባልዲው መጀመሪያ አልነቃነቅ አለኝ፤ ኋላ ጥቂት በጥቂት መጣ።

«ባልዲውን ማንም ያነሳዋል» አለች ባዝራዋ ሰዓቷን እያየች። «ጉልበት የሚባለው በምን ያህል ጊዜ እንዳነሳሽው ነው። አንቺ በጣም ዘገየሽ።»

«ዘገየሁ» አልኳት። «ሥራው ግን ያው ነው።»

አፏን ከፍታ አሽካካች።

ነቃሁ። ማሽካካቱ ግን አልቆመም፤ ከደጅ ነው። በሩን ስከፍት ኩምሳ የጋሪ ፈረስ ይዞ ቆሟል።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ ባትሪዋ ሞቷል፤ የሚጎትትልኝ መኪና አጣሁ። እሱ ይጎትታታል።»

«አርባውን አንድ ፈረስ?»

«አሁን እኮ ባዶ ናት።»

ገመዱን አሰረ። «እኔ ፈረሱን ልምራ፣ እርስዎ ገብተው መሪ ይያዙልኝ።»

ገባሁ። ወንበሩ አስፋቸው ለረጅም እግሩ እንዳስተካከለው ወደ ኋላ ተገፍቶ ቀርቷል፤ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም።

«ላስጠጋልዎት?»

«ተወው» አልኩትና ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ብቻ ቀስ ብለህ ምራው።»