የመክብብ ፍሪሲዮን ገና አልሟሸም

ለወላይታ ሶዶ ሰፊ ሕዝብ፣ ለእግረኛው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ዳር ለተቀመጠው ሁሉ! የአንዲት ጎታች መኪና ሾፌርና ጠቅላይ አዛዥ የሆኑት ክቡር መክብብ አዲስ ፍሪሲዮን ማስገባታቸውን እናስታውቃለን። ፍሪሲዮኑ እስኪሟሽ ድረስ የማንም መኪና እንዳይበላሽ በጥብቅ ተከልክሏል።

እንደ መክብብ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አዲስ ነገር ገዝቶ መጀመር የሚፈራውን ማለቴ ነው። የሶፋውን ላስቲክ ሳይገፍ ልጆቹን የሚድረው፣ አዲሱን ጫማ በእጁ ይዞ በጭቃ በአሮጌው የሚሄደው ሁሉ የዚህ ጎራ አባል ነው። መፈክራቸውም አንድ ነው፦ «ገና አልሟሸም!» የመክብብ ፍራሽ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው። ሲገላበጥ ጎረቤት ዝናብ መጣ ብሎ የተሰጣ ልብሱን ያስገባል።

እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ አዲስ ፍሪሲዮን ሲወድቅ አስቡት። ጭነት የለም፣ ጉተታ የለም፤ ባዶውን ቀስ ብሎ መነሳት፣ መቆም፣ ማርሽ መቀየር፣ ደግሞ መነሳት ብቻ። በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ከቦዲቲ ሲደውልለት መክብብ አጠገብ ነበርኩ።

«ወንድሜ፣ ሮዳጅ ላይ ነን፣ እያሟሸን ነው፤ ትንሽ ታገሠኝ።»

«ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥያለሁ እኮ!»

«በቃ እንዳትነቃነቅ።»

ታዲያ ፍሪሲዮኑ የሚሟሸው የት ነው? ሁልጊዜ ዱቦ መንገድ። ቦዲቲ አስፋልት እያለ፣ ወደ ተበላ ከተማ የሚወስደው ቁልቁለት እያለ፣ ዱቦ! «አፈሩ ለፍሪሲዮን ዲስክ ይስማማል» ይላል፣ ቡና የሚተክል ይመስል።

ነገሩ እንዲገባችሁ የአሮጌውን ፍሪሲዮን አሟሟት ልንገራችሁ፤ ሲሞት ነበርኩ። ዱቦ ውስጥ ወይንሸት የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። መክብብ ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ሰብሳቢያችን ጋሽ አምባቸው። በምን እንሂድ ሲባል ክቡርነታቸው በጎታቿ ጫኑን። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ጋቢና ውስጥ ተደራርበን ስንጓዝ ስኳር ድንች የጫነ መኪና ቦይ ገብቶ አገኘን። ሾፌሩ እጁን አርገበገበ።

«መክብብ፣ እንዳትቆም!» አሉ ጋሽ አምባቸው።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ናት። ሰው ወድቆ እያየሁ አልፌ፣ በምን ዓይኔ ነው ልጃችሁን ስጡኝ የምላቸው?»

ቆመ። ጎተተ። ፍሪሲዮኑ ጨሰ። ድንቹ ወጥቶ ወደ ገበያው ሄደ፤ እኛ እዚያው ቀረን። መክብብ ከመኪናው ሥር ገብቶ «አሁን ትነሳለች» ሲል ጀንበር አዘቀዘቀች፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ በሰው ደጅ ለሽምግልና አይኬድም። እነወይንሸት ቤት ዘመድ ተጠርቶ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ቤተሰቡ በር በሩን ሲያይ ዋለ። እኛ የተቃጠለ ፍሪሲዮን እየሸተትን በሚኒባስ ወደ ሶዶ ተመለስን። አባትየው ይቅርታ ሲጠየቁ «መጀመሪያ መኪናውን ያግባ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ጋሽ አምባቸውም ሁለተኛ ለዚህ ልጅ ሽማግሌ ላይሆኑ ማሉ።

አዲሱ ፍሪሲዮን ሲገባ ጉድ ተፈጠረ። ከሶዶ እስከ ዱቦ ድረስ እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ወይንሸት የስፌት ማሽኗን ዘርግታ የምትቀመጥበት በረንዳ ፊት ሲደርስ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። በሄደ በመጣ ቁጥር እዚያው!

መካኒኩ ዘሩባቤል ተጠራ። ዘሩባቤል በሶዶ የማያውቀው ብልሽት የለም፤ ማንም ባይጠይቀውም ይህንኑ ይናገራል። ከፔዳሉ መስመር አየር አወጣ። ካምቢዮውን አውርዶ ዲስኩ ዘይት ነክቶት እንደሆነ አየ። ኩሽኔታውን ሰደበ። መልሶ ገጥሞ ራሱ እየነዳ በበረንዳው ፊት አለፈ፤ ምንም የለም።

«ለእኔ አትንቀጠቀጥም!» አለ።

«ለእኔ ትንቀጠቀጣለች» አለ መክብብ።

መክብብ መሪውን ይዞ ወደ በረንዳው ሲቃረብ ወደ ታች አየሁ። ፔዳሉ ላይ ያለው ግራ እግሩ እንደ ስፌት ማሽን መርፌ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዓመት የሚበቃ ፌዝ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

በዚያው ቀን መኪናዋ በረንዳው ፊት ተንቀጥቅጣ ሞተሯ ጠፋ። ወይንሸት ቀና አለች።

«ዛሬም አልተስተካከለም?» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች።

«ገና አልሟሸም።»

«መቼ ነው የሚሟሸው?»

«ፍሪሲዮኑ?»

«እሱም።»

ደም ያለው ፍጡር እዚህ ላይ ከመኪናው ይወርዳል። የኛ አዛዥ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዘይቱን አይቼ እነግርሻለሁ።» እና ነዳው! አድርባይ አይቻለሁ፣ አፈግፋጊ አይቻለሁ፤ ድል ደጁ ድረስ መጥቶለት ማርሽ የሚቀይር ግን አላየሁም።

የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ የማርያምወርቅ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ፍሪሲዮን ነው ወይስ የጫጉላ ሙሽራ?» ብለው ሊፈትሹ ጋቢና ገቡ፤ እኔ መሃል ተቀመጥኩ። ወደ በረንዳው ስንቃረብ መክብብ በግራ እጁ የገዛ ጉልበቱን ጨምድዶ ያዘ። መኪናዋ ንቅንቅ ሳትል አለፈች። ወይንሸት ከማሽኗ ተነስታ ቆማ ነበር።

«ይኸው ደህና ነች!» አሉ ወይዘሮዋ። «ከነገ ጀምሮ ትጎትታለህ።»

መክብብ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ሲያይ ቆየ።

አሁን ጉተታው ቀን ወደ ተበላ፣ ማታ ወደ ቦዲቲ ነው። ዱቦ ላይ የሚበላሽ መኪና የለም። የዚያ አገር ሾፌር መቼም ሲጸልይ የሚያድር መሆን አለበት። «ሰውዬ፣ ዱቦ በሚኒባስ ሂድ እንጂ!» አልኩት አንድ ቀን።

«ሄጄስ?» አለኝ። «ምን ብዬ ልውረድ?»

ቦይ የገባው ሁሉ የመክብብን ስልክ በቃሉ ይዞታል፤ እሱ ራሱ ቦይ ሲገባ ግን የሚደውልለት ሰው የለውም። እኔም ያ የዱቦ መንገድ፣ ያ ባዶውን መመላለስ፣ በረንዳው ሲቃረብ የሁለታችን አንገት ወደዚያው መዞሩ ይናፍቀኛል።

ስለዚህ መኪና ያለህ አንባቢ ሆይ! አንድ ቀን መበላሸትህ ላይቀር ነገር፣ እባክህ ዱቦ ድረስ እንደምንም ተንገጫግጨህ ድረስና በረንዳው ፊት ሞተሩን አጥፋ። ደውልለት። ሲመጣም ቶሎ አትነሳለት። እስኪመጣ ድረስ ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ «ማን ይመጣልሃል?» ብላ ከጠየቀችህ፣ አደራህን፣ ስሙን ስትጠራላት ዓይኗን እይልኝና ያየኸውን ለእሱ ንገርልኝ።