ትሪው ላይ የቀረችው ቡሎን

(ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ። መካኒኩ ሰውነት ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ልኮ ያምሮትን አስጠይቋል፤ ማንኩሳ ላይ ወፍጮ ያላቸው አባቷ አያ ገደፋው «እንመካከርበት» ብለው ሽማግሌዎቹን መልሰዋል። ዛሬ ደግሞ ፒካፓቸው ዳገት እምቢ ብሏቸው መጡ። አያ ገደፋው ስለ ሞተር ምንም አያውቁም፤ ሰውነት ይህችን ቀን እግዜር የላከለት መስሎታል።)

ገደፋው፦ ሳንባ ነው ካልኸኝ ለምን አያስለውም?

ሰውነት፦ እንደ ሳንባ ነው አልሁዎ እንጂ ሳንባ ነው አላልሁም፣ አያ ገደፋው። ቱርቦ ማለት አየር እየጨመቀ ሞተሩን የሚያጎርስ ነው።

ገደፋው፦ አጉራሽ ነው በለኛ። እና አሁን አላጎርስም አለ?

ሰውነት፦ ሞቷል። (የምርመራ ማሽኑን ያሳያቸዋል) ይኸው፣ «የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ» ይላል።

ገደፋው፦ «ሞቷል» ይላል?

ሰውነት፦ እሱን የምለው እኔ ነኝ።

ገደፋው፦ ማሽኑ ያላመጣውን መርዶ አንተ አመጣኸው።

ሰውነት፦ የኛ ሥራ ከማሽን ቀድሞ ማወቅ ነው። እርስዎ አይጨነቁ፣ አማቴ... አያ ገደፋው ማለቴ ነው።

(ይፈታል። ቱቦውም፣ አየር ማጣሪያውም፣ ደጋፊ ብረቱም ወረደ፤ ቡሎኑ ሁሉ ትሪ ላይ ተከመረ። አያ ገደፋው አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ይነካካሉ።)

ገደፋው፦ ይችስ ሽቦ? ተንጠልጥላ ቀርታለች።

ሰውነት፦ እሷን ይርሷት፣ ትርፍ ናት።

ገደፋው፦ ትርፍ ሽቦም ይሠራሉ?

ሰውነት፦ ጃፓኖች አርቀው ያስባሉ።

ገደፋው፦ አጠገቧ ደግሞ ልኳን የሚያህል ባዶ ቀዳዳ አለ። እሱም ትርፍ ነው?

(ሰውነት ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። የግፊት መቆጣጠሪያዋ ቫልቭ ሶኬት ወልቃ ኖሯል፤ ቫልቯ ኮረንቲ ካላገኘች ቱርቦው ከየት አምጥቶ ያጎርሳል? ሰካት፤ ቀጭ አለች።)

ሰውነት፦ እኔ እኮ... ያዩዋት እንደሆነ ልፈትንዎ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።

ገደፋው፦ አለፍሁ?

ሰውነት፦ በማዕረግ።

(መልሶ ገጠመ፤ ሞተሩን አስነስቶ ሲረግጠው ቱርቦው አፏጨ። ሰውነት ደስ ብሎት ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ያኔ ትሪው ላይ አንዲት ቡሎን ቀርታ አየ። ሳያስብ አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተታት።)

ገደፋው፦ ያምሮት ምን አለችኝ መሰለህ። «መኪናውን ይፍታው ግድ የለም፤ ሲገጥም ምንም ካላስተረፈ እሺ በለው።» የተረፈ ነገር አለ?

ሰውነት፦ ኧረ ምን ሲደረግ።

ገደፋው፦ በማርያም?

ሰውነት፦ ለዚህች ለዚህች ማርያምን ለምን እናስቸግራታለን።

ገደፋው፦ እንግዲያ ደስ ይበልህ። ከመኪናው ምንም አላስተረፍህም፤ አንድ በአንድ ስከታተልህ ነበር። ሶኬቷንም የነቀልሁ እኔው ነኝ፣ ያምሮት አሳይታኝ።

(ሰውነት እጁን ኪሱ ከትቶ ቡሎኗን ዳበሰ።)

ሰውነት፦ ታዲያ... እሺ አሉኝ ማለት ነው?

ገደፋው፦ መጀመሪያ ትሪህ ላይ የጣልኋትን የወፍጮዬን ቡሎን ከኪስህ አውጣት። ማንኩሳ ስንት ሰው እህሉን ተሸክሞ ይጠብቃል።

ሰውነት፦ (እያወጣት) እኔው ሮጬ ላድርስልዎ?

ገደፋው፦ አንተው ነህ እንጂ የምታደርሳት። ወፍጮውን የምታሠራው ያምሮት ናት፤ ቡሎኗ የት ከርማ እንደመጣች ለሷው ንገራት።