ሳይቀመጡ የዞሩ ሽማግሌዎች

መንገድ ማለት እኔ እስከማውቀው ድረስ ሰውን ካለበት አንስቶ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነገር ነው። አሜሪካኖች ግን ሰውን ካለበት አንስቶ፣ ዳገት አስወጥቶ፣ ላብ በላብ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ እዚያው ያነሳበት ቦታ የሚመልስ መንገድ ሠርተዋል። «ሉፕ» ይሉታል። እኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር መሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ሲኬድ ነው የሚያጋጥመው እንጂ፣ በእረፍት ቀኑ ወዶና ፈቅዶ የሚገባበት ማን አለ?

እኔ የገባሁበት በሽምግልና ነው። አይሳቁብኝ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አትላንታ ውስጥ የነበርነው አበሾች አብዛኞቻችን በሱዳን በኩል የመጣን ጎረምሶች ስለነበርን ሽማግሌ ተወዶ ነበር። ፂም ያበቀለና ሱፍ ልብስ ያለው ሁሉ ሽማግሌ ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱም ነበሩኝ። ስለዚህ ሚድታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ስዩም ሂሩትን ላግባ ብሎ ሲነሳ፣ ከጋሽ በላቸው ጋር አጣምሮ ላከኝ። ጋሽ በላቸው እንኳ እውነተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ሽበቱም ከዘራውም የራሳቸው ነው።

የሂሩት አሳዳጊ አጎቷ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ዲኬተር ይኖራሉ ይባላል እንጂ ቤታቸው አይገኙም፤ ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሥራ። ስንደውልላቸው ከሥራ ኦፍ የሚሆኑት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ እንደሆነ ነገሩን። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሐኪም ለስኳራቸው እርምጃ ስላዘዘላቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የጥንት ጦር ሜዳ ኮረብታ ይዞራሉ። «ቁም ነገር ካላችሁ እዚያ ኑ» አሉ።

ስዩም ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ሂሩት ያለ አጎቷ ፈቃድ እንደማታገባው ቁርጡን ነግራዋለች፤ እሷን ካጣ ደግሞ ሕይወት እንደማይኖረው በየምሳ ሰዓቱ ይነግረኝ ነበር። እየነገረኝ ምሳዬን ጭምር ይበላብኝ ስለነበር ሐዘኑ የት የት እንደጎዳው በእርግጥ አላውቅም። ቢሆንም እወደዋለሁ፤ እንዲያጣት አልፈለግሁም።

ለሽምግልና ምን ይለበሳል? ሱፍ፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ጫማ። ጫማዬ አዲስ ነበር፤ ከእግሬ ጋር ገና አልተዋወቀም። ጋሽ በላቸው በሱፋቸው ላይ ነጠላ ደረቡ። ስንደርስ ጋሽ ወርቁ በቁምጣና በስኒከር፣ ግንባራቸውን በጨርቅ አስረው ይንጠራራሉ። ልጅ የሚጠየቁ ሳይሆን ቦክስ የሚገጥሙ ነው የሚመስሉት። ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግር ሲጀምሩ ጋሽ ወርቁ «እየሄድን እንነጋገር» ብለው ወደ ዳገቱ ነጎዱ።

እዚህ ላይ ደንቡን ላስታውስዎ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ቤት ውስጥ ይህ ያምራል፤ ተቀመጡ ይባላል፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይባላል፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ይቀመጣል። ደንቡን ያወጡት አባቶቻችን ግን ተራራ ላይ ስለሚካሄድ ሽምግልና አላሰቡበትም።

የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሽ ወርቁ አረፍ ብለው ውሃቸውን እየጠጡ «ተቀመጡ እንጂ» አሉን። ጋሽ በላቸው በከዘራቸው ላይ እየተንቀጠቀጡ «ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» ብለው መለሱ። እኔ በዓይኔ ተቀመጥኩበት።

ጫፍ ላይ፣ አሜሪካኖች ድሮ እርስ በርስ ሲዋጉ የተጠቀሙባቸው መድፎች ተደርድረዋል። መድፍ መደገፍ እንደ መቀመጥ ይቆጠራል ወይ ብዬ ጋሽ በላቸውን በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው፤ በዓይናቸው ገሠጹኝ። አንድ ፈረንጅ ሱፋችንን አይቶ ቀብር ያለብን መስሎት ኖሮ ኮፍያውን አውልቆ አለፈ። ምኑ ተሳሳተ?

ከሁሉ የከፋው ጥያቄው ነበር። ጋሽ ወርቁ የሚጠይቁት ዳገት እየመረጡ ነው። ልጁ ይጠጣል ወይ ሲሉኝ ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን በክፉ ተርጉመው ፊታቸው ጠቆረ። የስዩም ትዳር በእኔ ሳንባ ምክንያት ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ደግነቱ ጋሽ በላቸው፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ «እናቱን የሚጦር ጨዋ ልጅ ነው!» ብለው ጮኹ።

ዞረን ዞረን መኪናዎቹ ጋ ስንመለስ ጋሽ ወርቁ ላባቸውን ጠረግ አድርገው፣ ነገሩን በጎ እንዳዩት፣ ነገር ግን በአንድ ቀን ጥያቄ ልጅ ሰጠ መባል እንደማይፈልጉ ነገሩን። «የዛሬ ሳምንት እዚሁ ተመለሱ» አሉ። ጋሽ በላቸው መኪና ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ቤታቸው ድረስ እግራቸውን ሲያሹ ሄዱ።

ሞኝ አይደለንም፤ ተምረናል። ስዩም የኦቨርታይም ደሞዙን አውጥቶ ስኒከርና ቁምጣ ገዛልን። ጋሽ በላቸው ከዘራና ነጠላቸውን አልተውም አሉ እንጂ ቁምጣውንስ ለበሱት። ቅዳሜ ስንደርስ ስዩም ከኋላ ወንበር ላይ ተደበቀና እኛ እየተንጠራራን ወረድን።

ጋሽ ወርቁ በጥቁር ሱፍና በክራቫት ቆመዋል። አጠገባቸው ሂሩት በሐበሻ ቀሚስ፤ ከዛፉ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ድፎ ዳቦና የዶሮ ወጥ ቀርቧል። ለካ ለሽማግሌ መልስ የሚሰጥበት ቀን ነው! ጋሽ ወርቁ ጉልበቶቻችንን ተራ በተራ አዩ። «የኔን ልጅ ልትጠይቁ በቁምጣ?» አሉ። ሂሩት ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስለቀስናት ብዬ ልቤ ተሰበረ። ኋላ እንደሰማሁት በሳቅ ነው።

ጋሽ በላቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አነሱ። ለእርምጃ ከለበሳችሁ አይቀር ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ዙሩ፣ እኔም እስከዚያ ንዴቴ ይበርድልኛል፣ ያኔ እመልስላችኋለሁ አሉን። ምን ይባላል? ዞርን። እየዞርን ጸለይን።

ስንመለስ ጋሽ ወርቁ ተነሥተው ተቀበሉን። ሂሩት ልጁ መኪና ውስጥ መደበቁን ነግራቸው አስጠርተውት፣ ሲያነጋግሩት ደስ እንዳላቸው አበሠሩን። «ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አሁን መቀመጥ ትችላላችሁ» አሉ።

ስዩም በአግዳሚው ላይ ከሂሩት ጎን ተዘርግቶ ተቀምጦ የእኛን ድርሻ ዶሮ ይበላ ነበር። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።