ሃያ ሦስት አካፋ ለአንድ ጣሪያ

በሠለጠነ አገር ሥራ የሚጀመረው በመሥራት ሳይሆን በማስጀመር ነው። ይህን ጥበብ እንደ ባሊናካርን ከተማ የተካነ ስፍራ በመላው አየርላንድ አይገኝም። የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ የምዕራብ ትሪቡኑን ጣሪያ ነፋስ ከወሰደው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታትም የአዲሱ ጣሪያ ግንባታ ስድስት ጊዜ በታላቅ ድምቀት ተጀምሯል። አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጀመረላቸው ስንት ምስኪን ከተሞች ባሉበት ዓለም፣ ስድስት ጊዜ!

ሌላው አገር የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል። እዚህ ደግሞ ክቡሩ እንግዳ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ ቦት ተጫምቶ፣ ሄልሜት ደፍቶ፣ በአካፋ አንዲት ቁራጭ ሣር ከነአፈሯ ይገለብጣል። ፎቶ ይነሳል፤ ሻይና ሳንድዊች ይቀምሳል፤ የወደፊቱን ስታዲየም የሚያሳየውን ሥዕል አይቶ ይደነቃል። በሥዕሉ ላይ ተመልካቹ ሁሉ እጅጌ ጉርድ ለብሷል፤ ሰማዩም በዚያ አውራጃ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰማያዊ ነው። እንግዳው ሲሄድ የገለበጣትን ሣር መልሶ የሚተክላት ማላኪ ቱሚ ነበር።

ማላኪ የሜዳው ሠራተኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ሣር አጭዷል፣ አጠጥቷል (ዝናብ ባለበት አገር ማጠጣቱ ምን ይባላል ቢሉት ተቆጥቷል)፣ መስመር አስምሮበታል። ሚስቱ "ያገባኸው እኔን ነው ሣሩን?" ብላ ስትጠይቀው አስቦ ነው የሚመልሰው።

በመስከረም ከሊጉ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የክለቡ ጸሐፊ አትራክታ ብሬስሊን ሻይ ቤቱ ውስጥ ቆማ አነበበችለት።

"እስቲ ድገሚልኝ" አላት።

"ስንቴ ልድገምልህ ማላኪ? እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ጣሪያ ከሌለ የሜዳ ፈቃድ የለም። የሜዳችንን ጨዋታ ኪልበራን ሄደን እንጫወታለን።"

"ኪልበራን ከምሄድ ልሙት!"

"ብትሞትም መስመሩን የምታሰምረው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው የለንም።"

ኪልበራን አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የምትርቅ ከተማ ናት። የባሊናካርን ሰው ከኪልበራን ከተጋባ ሰርጉ ላይ የሚገኝለት ቄሱ ብቻ ነው፤ እሱም ግዴታው ስለሆነ ነው። ማላኪ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የኪልበራንን ሣር አንዴ ብቻ ረግጧል፤ ያኔም ቤቱ ሲገባ ጫማውን ጥሎታል።

እንዲያው ጣሪያው ሩቅ ሆኖ አልነበረም። የክለቡ ደጋፊ የሆነው ግንበኛ ካሃል ብረቱንም ሲሚንቶውንም በነፃ እሰጣለሁ ብሏል። የጎደለው የመሠረቱ ቁፋሮ ብቻ ነው።

"ቁፋሮውን በማሽን በአንድ ቀን ልጨርስልህ" አለው ካሃል።

"ማሽኑ በየት በኩል ያልፋል?"

"በሜዳው ነዋ። ሌላ መግቢያ አለ እንዴ?"

"በሣሬ ላይ? በላዬ ላይ ልለፍ በለኛ!"

"አንተን ብደፈጥጥማ ያነሰ ኪሳራ ነበር" አለ ካሃል፣ ሄልሜቱን አውልቆ ራሱን እያከከ።

ነገሩ በዚህ ቆሞ ሳለ ምርጫ ታወጀ። በአንድ ሌሊት የከተማዋ ምሰሶ ሁሉ የእጩ ፊት አበቀለ። ማላኪ ከምሰሶ ምሰሶ እየዞረ ቆጠራቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። በሕይወቱ አንድ ታላቅ ሐሳብ መጣለት፤ ከደስታው ብዛት ብስክሌቱን ረስቶ በእግሩ እየሮጠ አትራክታ ዘንድ ደረሰ።

"እጩዎቹን ሁሉ ጥሪያቸው! ሥራ እንዲያስጀምሩልን!"

"የትኛውን?"

"ሁሉንም አልኩሽ እኮ! ለየብቻ!"

ማላኪ የመሠረቱን መስመር በነጭ ቀለም አሰመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ እጩዎቹ በየተራ እየመጡ ቦይዋን ያጌጡባት ጀመር። የሳምንታዊው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ፌሊም የማላኪ ዘዴ ገብቶታል።

"ወይዘሮ ፊዴልማ፣ ብርሃኑ አልመታዎትም፤ አንዴ ይድገሙት።"

ደገሙት።

"አሁን ደግሞ ዓይንዎ ተከደነ።"

ጉድጓዱ እስከ ጉልበታቸው ሲደርስ የወይዘሮ ፊዴልማ ዓይን ተከፈተ፤ ፎቶውም አማረ። በማግስቱ ተቀናቃኛቸው አቶ ሉርካን መጡ።

"እሷ እስከ የት ቆፈረች?"

"እስከ ጉልበት፣ ጌታዬ" አለ ማላኪ በሐዘኔታ።

አቶ ሉርካን ኮታቸውን አወለቁ። "እኔን እስከ ወገብ ጻፍልኝ።"

"መጻፍ አይቻልም፤ ፎቶ ነው።"

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! አንዱ እጩ አማቹን ይዞ መጣ። ሌላው በእርሻ ያደገ መሆኑን ለማስመስከር ከምሳ በፊት ሦስት ሜትር ጨረሰ። ግንባታውን አጥብቆ የሚቃወመው እጩ እንኳ ተቃውሞውን ለመግለጽ ሁለት ሜትር ቆፈረ። ማላኪ አጥሩን ተደግፎ ሻይ እየጠጣ "ትንሽ ወደ ግራ፣ ክቡር እጩ" ይል ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስቆ አያውቅም። በምርጫው ዋዜማ ቦይዋ በገመድ የተለካች መሰለች፤ ካሃል ወርዶ ለካትና "ሰኞ በእጅ ጋሪ ኮንክሪት እሞላለሁ" አለ። ማላኪ አቀፈው።

እሑድ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰ። እሑድ ፖስታ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ነገሩ ግን አስቸኳይ ስለነበር ኃላፊው ራሱ አመጣው።

"ጉዳዩ፦ ያልተለመደ ሥራ ስለመከናወኑ" ይላል። "በአውራጃችን ከሥራ ማስጀመር ሥነ ሥርዓት በኋላ ይህን ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ታይቶ ስለማይታወቅ ሁኔታው አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል። ለአሥራ ስምንት ወራት የሚቆይ ጥናት እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ጉድጓዱ ይደፈን።"

"እኔ አልደፍንም!" አለ ማላኪ። "አስራችሁ ውሰዱኝ! አልደፍንም!"

የሚለምነውም አልነበረም። ለሕዝብ ደኅንነት ከተባለ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሊመጡ ነው፤ ሚኒስትሩ አካፋ ይዘው ፎቶ ሊነሱ ከሆነ ደግሞ የተመረጡትም የተሸነፉትም ቤታቸው ሊቀመጡ ነው እንዴ? ሃያ ሦስቱም መጡ። ፌሊም "ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ አንድ አካፋ ይበቃል!" እያለ ቢጮህ የሚሰማው ጠፋ። የቆፈሩትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደፈኑት። ሚኒስትሩም ላባቸውን ጠርገው፣ በክለቡ ታሪክ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ የተጠናቀቀ የመጀመሪያው ፕሮጀክት ይህ መሆኑን አበሠሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማላኪ መሣሪያ ቤቱ ገብቶ አለቀሰ።

በየካቲት፣ የባሊናካርን የመጀመሪያው "የሜዳ" ጨዋታ ዕለት፣ ማላኪ የመስመር ማስመሪያ ጋሪውን እየገፋ ኪልበራን ገባ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የኪልበራን ሜዳ ሠራተኛ ባርትሊ ጠርቶ ትሪቡኑ ሥር አስቀመጠው። ከላያቸው ሰፊ፣ አዲስ፣ አንዲት ጠብታ የማያሳልፍ ጣሪያ ነበር። ማላኪ ብዙ ታገሠ፤ በመጨረሻ ግን ኩራቱን ዋጥ አደረገ።

"ባርትሊ፣ ይኼን የትኛው ሚኒስትር ነው ያስጀመረላችሁ?"

ባርትሊ ግራና ቀኙን አየና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! መሠራቱን እስካሁን አልሰሙም።"