ከባዱን ዕቃ የመረጥኩ ጊዜ

«እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትወስጃለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ሰብለ አንድ ቅዳሜ። መቼም ልጅ እናቷን የምታማክረው ወይ አስቀድማ ልቧ ሲቆርጥ ነው፣ ወይ ጥፋቱን የሚጋራት ስትፈልግ።

ፊታችን የተቀመጡት ሁለት ሲግናል ጀነሬተሮች ነበሩ። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ እንደገባኝ፣ ራሱ ሞገድ እያወጣ፣ አዲስ የተሠራ ሬዲዮ በደንብ መስማቱን የሚፈትን ዕቃ ነው። ሰብለ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ በአማተር ሬዲዮ ተለክፋለች። ከዓለም ዳር እስከ ዳር «እናንተ ጋ ዘነበ ወይ?» የሚባባሉ ሰዎችን የምትሰማበት መቀበያ በእጇ ትሠራለች። መዝነቡን ለማወቅ ይህ ሁሉ ድካም! መስኮት መክፈት አይቀልም?

ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው ዕቃቸውን ሊሰጧት ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ያሏት። አንዱ ትንሽ፣ ቀለሙ የሚያምር። ሌላው ግራጫ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ። እኔ ዶሮ በላባዋ ገዝቼ አላውቅም፤ አንስቼ እመዝናለሁ፣ ደረቷን እዳብሳለሁ። ሁለቱንም አነሳሁና «ከባዱን» አልኩ። ሽማግሌው ስቀው፣ ትንሹ ሲሞቅ ካስቀመጡት የሞገድ ቁጥር ይንሸራተታል፣ ከባዱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ እናትሽ ልክ ናት አሏት። ከዚያች ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ነኝ።

የመሐንዲስነቴ ጦስ በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ መጣ። ሰብለ ዕቃው እንዲሞቅ ብላ ከፍታው ወደ ሱቅ ወጣች። ከዕቃው የወጣ ረጅም ሽቦ መሬት ላይ ተጋድሟል። መሬት ላይ ሽቦ ሲጎተት ዝም የምትል ሴት አለች? ሰብስቤ በመስኮት አወጣሁና ልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ጠመጠምኩት። ማስጫዬ ደግሞ እስከ ቀበሌያችን ሊቀመንበር አጥር የተዘረጋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ሬዲዮናቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ከች አሉ። «እትዬ አስካለ፣ ይሄ ነገር ያፏጫል! ልጅሽ የለችም?» አሉና ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወደሚያበራው ዕቃ ሄደ። ያን ጊዜ ሞገድ የሚያወጣ ነገር ቤት ውስጥ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ለምታውቁት አልነግርም፤ ሰው ባነሰ ነገር ተጠርቶ ቀርቷል። ሰብለ ደርሳ መፈተኛ ነው ብትል ማን ይስማት! ነገ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ዕቃውንም አንቺንም ይወስዳሉ አሏት። በሩ ላይ ዞር ብለው ግን፣ «እስከዚያ ፉጨቱን አጥፊልኝ» ብለው ሬዲዮኑን ትተው ሄዱ።

«አቦዬ፣ ልጄን!» አልኩ።

ሰብለ ማስጫውን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ሽቦውን ፈታች፤ ለካ ማስጫዬ አንቴና ሆኖ ሞገዱን እስከ ሊቀመንበሩ ቤት ሲያደርስ አምሽቷል። ከዚያ ሬዲዮኑ ላይ ጎንበስ ብላ ቀረች። ዕቃችን ሬዲዮ የሚያስፏጨው እሱ በቆመበት ቁጥር ላይ ብቻ ነው አለችኝ። የሊቀመንበሩ ሬዲዮ መርፌም እዚያው ቁጥር ላይ ቆሟል። እዚያ ቁጥር ላይ የሚገኘው ደግሞ መንግሥታችንን ሲያማ የሚያመሸው የባሕር ማዶ ጣቢያ ነው፤ ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ያዳመጠ ወዮለት የሚሉበት። በዚያ ዘመን እኮ ብልህ ሰው ሬዲዮ ሳይዘጋ በፊት መርፌውን ወደ አገር ቤት ጣቢያ ይመልሳል። እሳቸው በፉጨቱ ተናደው ረሱት። እኛ የጣቢያውን ቦታ በምን አወቅን? እሱን ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት አቦ ኪዳን አድርሼ፣ ሬዲዮኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ሐሜት ኃጢአት ነውና ማንንም አላማሁም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ፉጨቱ ጠፍቷል» አልኳቸው። «መርፌውን ግን እርስዎ ካስቀመጡበት አልነካነውም። ልክፈተውና እነዚህም ልጆች ይስሙት?» ብዬ እጄን ወደ መክፈቻው ላክሁ።

መርፌውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ተይው፣ ተይው እትዬ!» አሉና ወደ ጠባቂዎቹ ዞረው፣ «የልጅቱ ዕቃ ተጣርቷል፤ ለትምህርት ነው፤ ሂዱ!» አሏቸው።

አመስግኜ በእርጋታ ወጣሁ። ከአጥሩ ጥግ እንደታጠፍኩ ግን ነጠላዬን ሰብስቤ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁና፣ የራሴን ሬዲዮ መርፌ ወደ አገር ቤት ጣቢያ መለስኩ።