ጋሼ ዋይ እና የኮሪደሩ ግራፍ

ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር የሌለበት ሕንፃ የለም። ከተገኘም ገና ጣሪያው ያልተመታ ነው። ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ክቡር ጋሼ ዋይ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ክፍል ገብተው "ዋይን ብቻዋን አቁሟት!" ሳይሉ አይውሉም ነበር።

ጋሼ ዋይ ሰላምታ እንኳ በዋዛ አይቀበሉም። ከጉንፋን ስነሳ ደረጃው ላይ አገኙኝና "እንዴት ነህ?" አሉኝ።

"እየተሻለኝ ነው፣ ጋሼ።"

"በቀን በስንት?"

"ኧረ እኔ እንጃ!"

"ከስንት ተነስተህ? መነሻህንና ፍጥነትህን ሳታውቅ መዳንህን በምን አወቅህ?"

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ነርስ ለመሆን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወስዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ የጣላት ሒሳብ ነው። ለሦስተኛው አሥር ቀን ሲቀር መጽሐፉን ዘጋችና "በቃኝ፣ መርፌዬ ይሻለኛል" ብላ አለቀሰች። ከጋሼ ዋይ ቤት የሚለየን ግድግዳ ስስ ነው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ጋሼ ዋይ ጠመኔ ይዘው ቆመዋል።

ኮሪደራችን አራት ማዕዘን ሴራሚክ የተነጠፈበት ነው። አንድ መስመር አግድም፣ አንድ ቁልቁል አሰመሩበትና "ሁለት ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል ስድስት" ብለው ጻፉ።

"ልጄ፣ ዋይን ብቻዋን አቁሚያት! ሰው መሀል ተሸጉጣ ማን ያያታል?"

ባለቤቴ ሁለት ኤክስን ወደ ማዶ አሻገረች፤ ዋይ፣ ስድስት ሲቀነስ ሁለት ኤክስ ሆነች።

"እሰይ! አሁን በቁልቁሉ መስመር ስድስት ላይ ቁሚ። አንድ ሴራሚክ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ታች።"

ጫማዋን አውልቃ ተራመደች። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ዞር ብላ የመጣችበትን አየች።

"እንዴ! ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሰፊ ቀሚስ ጎን ነው! ከወገብ ተነስቼ፣ አንድ ጣት በሰፋሁ ቁጥር ሁለት ጣት እወርዳለሁ። ይሄንን ስቆርጥ አይደል እንዴ የኖርኩት!"

ጋሼ ዋይ፣ "አርባ ዓመት ሳስተምር ይህን የነገረኝ የለም" አሉና ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ኮሪደሩን በጠመኔ ሞሉት። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ መጀመሪያ ተቆጣች፤ በሦስተኛው ቀን ግን መወልወያዋን ተደግፋ "አሁን ወደ ታች ነው አይደል?" ትል ጀመር።

ባለቤቴ አለፈች። ውጤቷን ስታሳያቸው ወረቀቱን ገልብጠው ያዙት፤ እንባቸው አላስነበባቸውም።

እኔ ሒሳብ ከጠላሁ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጋሼ ዋይ የጽዳት ሠራተኛዋን ሲያስተምሩ ሰማሁና፣ አጠገባቸው መቀመጥ አማረኝ። በርጩማዬን ይዤ ወጣሁ።

"አርፍደሃል" አሉኝ፣ ጠጋ እያሉልኝ። "በል ና፣ ተቀመጥ።"